እንጦጦ፦ ከማገዶ ጫካ ወደ ከተማ ፓርክ

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያደገ ሰው እንጦጦን መጀመሪያ የሚያውቀው በጠረኑ ነው። ጠዋት ከላይ የሚወርደው ንፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይመጣል። ጉንፋን ሲይዘን በዚያው ቅጠል እንታጠናለን። እንጀራው የሚጋገረው በዚያው ቅጠል ነው። ቤቱም የቆመው በዚያው ዛፍ ነው፤ ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው።

ቀጥሎ የምናውቀው እናቶቹን ነው። ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አስረው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ መሬት መሬት እያዩ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ሸክሙ ከሰውነታቸው ይሰፋል። ከኋላ ላያቸው እንጨቱ በራሱ እግር የሚሄድ ይመስላል። ልጅ ሆኜ ከመኪና በፊት መንገድ መልቀቅ የተማርኩት ለእነሱ ነው።

አሁን እንጦጦ ፓርክ ነው። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በይፋ ተከፈተ። 1,300 ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። ወጣቶች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ፈረስ ይጋልባሉ፣ ቡና ይዘው ከተማዋን ቁልቁል ያያሉ። እኔም እወጣለሁ፤ ደስም ይለኛል። ግን በወጣሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮኝ ይወጣል። ይህ ተራራ ከመቶ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ምድጃ ሆኖ ኖሯል። ምድጃው ፓርክ ሲሆን፣ እሳቱን በጀርባቸው ያወርዱ የነበሩት ሰዎች የት ገቡ? ዛፉስ ምን ሆነ? ውኃውስ? ስለዚህ ፓርኩን ከመግቢያው በር አልጀምርም። ከጫካው ልጀምር።

ከፍታው ሳባቸው፣ ብርዱ መለሳቸው

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ፣ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ቆረቆሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ጠላት ከየትም ቢመጣ ከሩቅ ይታያል። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም አለ፤ በጭቃና በእንጨት የተሠራ፣ በኖራ የተቀባ፣ ሳር ክዳን ያለው ቤት ነው። መጀመሪያ ያየ ሰው ቤተ መንግሥት ነው ሲባል ይገረማል። የእንጦጦ ማርያምና የቅዱስ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናትም በዚያው ዘመን ተተከሉ።

ግን እንጦጦ ለኑሮ አይመችም። ብርዱ ይበረታል። ንፋሱ ድንኳን ይነቅላል። ውኃ በቅርብ አይገኝም። ከታች ደግሞ ፍልውኃ አለ። እቴጌ ጣይቱ ወደዚያ መውረድ ወደዱ፤ መኳንንቱም ተከተሉ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚለው ስም ወጣ። እንዲያም ሆኖ ተራራው ክብሩን ቶሎ አልለቀቀም። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲቀቡ፣ የተቀቡት እንጦጦ ማርያም ነው። ከተማው ከታች እየበቀለ፣ ዘውዱን ለመድፋት ግን ወደ ላይ ወጡ።

ከተማውን ወደ ታች የገፋው ሌላው ነገር ማገዶ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሠራዊትና አሽከር የሚቀለብበት ግቢ በየቀኑ እንጨት ይበላል። ለግብር የሚጋገረው እንጀራ፣ የሚቀቀለው ሥጋ፣ ሌሊቱን የሚነደው እሳት አለ። የእንጦጦ ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተራቆተ። ከተማው ወረደ፤ ችግሩም አብሮ ወረደ። አዲስ አበባም በአጭር ጊዜ ዙሪያዋን ያለውን ዛፍ ጨረሰች። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቦታ ዛሬ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ቢሳካ ኖሮ አዲስ አበባ እንደ ቀደሙት ተንቀሳቃሽ ከተሞች ተትታ በቀረች ነበር።

ባሕር ተሻግሮ የመጣው ዛፍ

ዛፉ የመጣው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው። ብዙዎች ያመጣው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ነው ይላሉ። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ ነው። እንጦጦን የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ነው።

ለምን ይህ ዛፍ? ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለማገዶና ለቤት ይደርሳል። ጥድ በዚያ ዕድሜው ገና ቁጥቋጦ ነው። የባሕር ዛፍን ቅጠል ከብትም ፍየልም አይደፍረውም፤ ስለዚህ አጥር አይፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደጋግሞ ያጭዳል። ምኒልክም ይህን አይተው ዘሩ በርካሽ እንዲዳረስ፣ የተከለም የግብር ምሕረት እንዲያገኝ አደረጉ። ከተማዋ ባለችበት ጸናች። እውነቱን ለመናገር አዲስ አበባ ዛሬ እዚህ ቦታ ላይ ያለችው በዚህ ዛፍ ምክንያት ነው። ባሕር ዛፍን ዛሬ መርገም ቀላል ነው። እኔ ግን ይህን ውለታውን ሳልናገር ስለ ጉዳቱ መናገር አልፈልግም።

ጉዳት ግን አለው። ሥሩ ውኃ ይስባል። ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ይህ ወቀሳ አዲስ አይደለም፤ ገና በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ተነቅሎ በሌላ ዛፍ እንዲተካ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። የነቀለው ሰው ግን እምብዛም አልነበረም። ምኑን ያነዳል? በምን ቤት ይሠራል?

ቅጠሉና እናቶቹ

ግንዱ ባለቤት አለው። በንጉሡ ዘመን የመኳንንትና የባለ ርስት ነበር፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የመንግሥት ሆነ። አጣናው በመኪና ተጭኖ ይሸጣል። የወደቀው ቅጠልና የደረቀው ጭራሮ ግን ባለቤት የለውም፤ ወይም የለውም ብሎ ድሃው ያስባል። የእንጦጦ እናቶች ኑሮ የቆመው በዚያ ላይ ነበር።

ያኔ ቀኑ የሚጀምረው ሌሊት ነበር። ሳይነጋ ይነሳሉ፣ ዳገቱን ይወጣሉ። ቅጠሉን ከመሬት እየጠረጉ ይሰበስባሉ። ጭራሮውን ይለቅማሉ፤ በገመድ ይጠፍራሉ። ከዚያ ሸክሙን መሬት ላይ ተቀምጠው ከጀርባቸው ጋር ያስሩና በጉልበታቸው ተንፏቀው ይነሳሉ። ሲነሱ ሌላ ሰው እጅ መስጠት አለበት። ለዚህ ነው ብቻዋን የምትወጣ ሴት የማትገኘው። ሸክሙ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህ ከብዙዎቹ እናቶች የራሳቸው ክብደት ከግማሽ በላይ ነው። ከዚያ ቁልቁለቱን ወርደው ሽሮ ሜዳ፣ ቀጨኔ፣ ጉለሌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ ይሸጣሉ። በዚያው ቀን ገንዘብ በዚያው ቀን ዱቄት ይገዛል።

መንገድ ላይ ጥበቃ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛ የያዘው ሰው ገመዱን ይነጠቃል፤ አንዳንዴ ሸክሙን። በእኛ በር ላይ አንዲት እናት ሸክሟን አውርዳ ውኃ ስትጠጣ ትዝ ይለኛል። ትከሻዋ ላይ ገመዱ የሠራው ጠባሳ ነበር። ያኔ ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ ጠባሳ ያለው ይመስለኝ ነበር።

ሥራው የሴት ሆኖ የቀረበት ምክንያት አለ። ወንዱ አህያ ካለው በአህያ ይጭናል፤ ወይም የቀን ሥራ ይፈልጋል። መነሻ ገንዘብ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ትምህርት የማይጠይቅ፣ ከገመድ በቀር ምንም የማያስፈልገው ሥራ ይህ ብቻ ነበር። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ወይም ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ሥራ እነሱንም ተራራውንም አብሮ ይጎዳ ነበር። ቅጠሉ ከሥር ከሥር ሲጠረግ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። አፈር የሚሸፍነው፣ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ የሚይዘው ያ የበሰበሰ ቅጠል ነው። እሱ ከሌለ የክረምት ዝናብ አይሰርግም፤ ይሮጣል። አፈሩን ይዞ ወደ ቀበና፣ ወደ ቀጨኔ ወንዝ ይወርዳል። ሐምሌ ላይ ከታች ያለው ሰፈር ጎርፍ ሲገባበት ወንዙን ይወቅሳል፤ ጎርፉ ግን የተወለደው ላይኛው ገደል ላይ ነው። ይህን ብዬ እናቶቹን መውቀስ አልችልም። ከተማው ርካሽ ማገዶ ፈለገ፤ እነሱ አቀረቡ። እኛም ገዛን።

ስለ ውኃው ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የእንጦጦ ሸንተረር የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። በደቡብ ጎኑ የወደቀ ዝናብ ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። በሰሜን ጎኑ፣ በሱሉልታ በኩል የወደቀው ወደ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ሸንተረሩ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች እንዲህ ይለያያሉ። ፓርኩ ውስጥ ይህን የሚናገር ትልቅ ሰሌዳ ለልጆች ቢቆም ደስ ይለኛል።

ከ2013 በፊትም የተሞከረ ነገር

እንጦጦን ጫካ አድርጎ የማዳን ሐሳብ በ2013 አልተወለደም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ አገር በቀል ማኅበር፣ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር፣ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር ዛፍ የመተካት ሥራ ጀምሮ ነበር። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ ተከሉ። በስተምዕራብም የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ተቋቋመ፤ ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ የመሠረቱት ነው። ዛሬ በፓርኩ ስንመላለስ የምናየው የአገር ዛፍ በከፊል የእነዚያ ሰዎች ድካም ነው። ስማቸው ብዙ አይነሳም።

ከዚያ የ2011ዱ የሸገር ማስዋብ ዕቅድ መጣ። ከእንጦጦ ተነስቶ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ማልማት ማለት ነው። ለዚህ ገንዘብ ለማሰባሰብ በግንቦት 2011 ገበታ ለሸገር የተባለ የእራት ግብዣ ተዘጋጀ፤ የአንድ ሰው መግቢያ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። አንድነት ፓርክ በ2012 መጀመሪያ ተከፈተ፤ ወዳጅነት ፓርክ በ2013 መባቻ፣ እንጦጦም ወዲያው ተከተለ።

አሁን ማን ይወጣል?

ከሁሉ ቀድመው የሚወጡት ሯጮቹ ናቸው። ፓርክ ሳይሆንም ይወጡ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጨምሮ ስንት ጀግና በዚህ ጫካ ውስጥ ለምዷል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፤ ዝቅ ያለ አገር ወርደው ሲሮጡ ትንፋሻቸው ይበቃቸዋል። አንድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡና ቁሙ። የእግራቸውን ኮቴ ከማየታችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ።

ከእነሱ ጋር ምዕመናን ይወጣሉ። የቅዱስ ራጉኤል በዓል መስከረም 1 ስለሚውል፣ ለብዙ ሰው አዲስ ዓመት የሚጀምረው እንጦጦ ላይ ነው። ጸበሉም አለ። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ በበረታበት ጊዜ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕመምተኞች በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ በኪራይ ጎጆና በላስቲክ ቤት ይኖሩ ነበር። ቤተሰብ የሸሸው፣ ሐኪም ቤት ተስፋ ያስቆረጠው ሰው እዚያ መጠጊያ አገኘ። ኋላ መድኃኒቱ ሲመጣ አንዳንዱ ጸበሉን አምኖ መድኃኒቱን አልወስድም አለ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚወሰዱ በግልጽ ተናገሩ። ይህ ቃል ብዙ ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ። የእንጦጦን ታሪክ የሚተርክ ሰው እነዚህን ሰዎች መዝለል የለበትም።

ሰማዩን የሚያዩም አሉ። ተራራው ላይ የሥነ ፈለክ መመልከቻና የምርምር ማዕከል አለ፤ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ፣ ሰዎች ንጋት ሳይቀድ እንጦጦ ላይ ተሰብስበው በስክሪን አይተዋል። ምልክቷን ለመቀበል የተሠራው ጣቢያም እዚያው ነው።

ከዚያ ቤተሰቡ ይመጣል። የልጆች መጫወቻ፣ የብስክሌት መንገድ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ በገመድ ላይ መንሸራተቻ፣ የሥዕል ማሳያ፣ ምግብ ቤት አለ። ሙሽሮች ለፎቶ ይመጣሉ፤ ዛፉ መሀል ነጭ ቀሚስ ያምራል። ከተማችን አረንጓዴ ቦታ በጣም የራባት ናት። ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ሁሉ ኮንዶሚኒየምና ሱቅ ሆኗል። እንዲህ ባለ ከተማ 1,300 ሄክታር ጫካ ለሕዝብ መክፈት ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ያለ ቅሬታ እመሰክራለሁ።

የሚከብደኝ ዋጋው ነው። በእግር መሄድና በዓይን ማየት አንድ ነገር ነው፤ ፈረሱ፣ መንሸራተቻው፣ ምግቡ ግን በገንዘብ ነው። ሦስት ልጆች ይዞ የወጣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ምን ያህሉን ይችላል? ልጅ ደግሞ ሌላው ሲጋልብ አይቶ አይረሳም። ለጎረቤት ሰፈር ተማሪዎች በወር አንድ ቀን እንኳ ነፃ ቢሆን ብዙ ይለውጣል።

የት ገቡ?

እንግዲህ ወደ እናቶቹ ልመለስ። ፓርኩ ሲሠራ እንጨት መሸከሙ እንዲቆም ተወሰነ፤ ሌላ ሥራ ይሰጣቸዋል ተባለ። አንዳንዶቹ በፓርኩ ውስጥ ተቀጠሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ትልቅ የእንጀራ መጋገሪያ ፋብሪካ ተከፈተ፤ ከእንጦጦ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ እናቶችም እዚያ ሥራ አገኙ።

ይህን ስሰማ ደረቴ ሞላ። ለሌላ ሰው ምጣድ ቅጠል ስታወርድ የኖረች ሴት፣ አሁን በኤሌክትሪክ ምጣድ ፊት ቀጥ ብላ ቆማ ትጋግራለች። ወገቧ አረፈ። ደመወዝ አላት። በእኔ እምነት ከፓርኩ ጋር የመጣው ትልቁ ነገር ከየትኛውም መጫወቻ በላይ ይህ ነው።

ግን ሁሉም እናት አንድ አይደለችም። ለሚ ኩራ ከተማው ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ሰሜን ላይ። በጠዋት ታክሲ ያንን መንገድ ማቋረጥ በጊዜም በብርም ከባድ ነው። ጋገራ ደግሞ ጉልበትና ጤና ይጠይቃል። ሠላሳ ዓመት የተሸከመች፣ ጉልበቷ ያለቀ እናት ከምድጃ ፊት ሙሉ ቀን መቆም አትችልም። ቅጠሉን ይገዛ የነበረው ጎረቤትም አለ፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ሲወደድበት በምን ይጋግር? ማገዶውን ስንከለክል ምትኩን ለገዢውም ማሰብ ነበረብን።

ሌላም የማስበው ነገር አለ። ባሕር ዛፉን በጥድና በወይራ እንተካለን ስንል ሥራው አንድ ጊዜ ተቆርጦ የሚያልቅ አይደለም። ጉቶው በየክረምቱ ያቆጠቁጣል። ቡቃያው በየዓመቱ ካልተመለመለ ከጎኑ የተተከለውን ጥድ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልፈዋል፣ ብርሃኑንም ውኃውንም ይወስድበታል። ይህ ሥራ በችግኝ ተከላ ሰሞን ዘመቻ አይሠራም፤ ቋሚ እጅ ይፈልጋል። ገደሉን በእግሩ የሚያውቅ፣ የትኛው ጉቶ እንደሚያቆጠቁጥ፣ የትኛው ሸለቆ ውርጭ እንደሚይዝ፣ የት ጋ ምንጭ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ያን የሚያውቁት እናቶቹ ናቸው። ለሚ ኩራ መሄድ ላልቻሉት፣ በየሰፈራቸው ቡድን ተደራጅተው ቡቃያ የመመልመልና ችግኝ የመንከባከብ ሥራ ከፓርኩ ገቢ በደመወዝ ቢሰጣቸው ይቻላል። የተመለመለው ቡቃያ በአህያ ወይም በመኪና ወርዶ በሕጋዊ መንገድ ለማገዶ ሊሸጥ ይችላል፤ ወድቆ የሚበሰብሰው ቅጠል ግን አፈሩ ላይ ይቅር። አሮጊቶቹ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ተቀምጠው ለጎብኚ ልጆች ተራራውን ቢነግሯቸውስ? ያ ገመድ፣ ያ ጠባሳ፣ ያ የሌሊት ዳገት እዚያው አጠገብ ባለው ሙዚየም ውስጥ ከምኒልክና ከጣይቱ ዕቃዎች ጎን ቦታ ቢያገኝ እኔ ልጆቼን መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።